ያልተጨፈረበት ዋንጫ

ታደለ የመሐሙድን ስልክ ጀርባውን ከፈተና ብሎኖቹን እየነቀለ ጠረጴዛው ላይ በተናቸው። ስልኩ ምንም አልሆነም ነበር። ድምፅ ይቆርጣል፣ ማይክራፎኑ ደክሟል፣ ነገ ጠዋት ቀይሬልህ ትወስዳለህ ብሎ ነው የተቀበለው። ስልክ ጠጋኝ ሲዋሽ መቼም ማን ይከራከረዋል።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ" አለ መሐሙድ የሱቁን መስኮት ተደግፎ። "ፈይዛ የምትደውልበት ቀን ነው።"

"የእኔን ቁጥር ታውቀው የለ? አንተን ካጣች በእኔ ትሞክራለች።"

"እሱስ ታውቀዋለች" አለና እየተጣደፈ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሥራ ይጠብቀዋል። ማታ ባየር ሙኒክና ቼልሲ ለአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ይጋጠማሉ፤ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ደግሞ ኳስ ማየት ማለት የመሐሙድ ዲኤስቲቪ ቤት መግባት ማለት ነው። የእድሩን አግዳሚዎች ተውሶ እየደረደረ፣ የመስኮቱን ቀዳዳ በማዳበሪያ ከረጢት እየደፈነ ነው የዋለው። ቼልሲ ይህን ዋንጫ አንድም ቀን በልቶ አያውቅም። ከአራት ዓመት በፊት ሞስኮ ላይ በፔናሊቲ የተሸነፈ ለት መሐሙድ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም ተብሎ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

ታደለ መፍቻውን አስቀመጠ። ፈይዛ አትደውልም። የመሐሙድ እህት ፈይዛ ጅዳ ላይ ሞታለች። ይህን ከመሐሙድና ከእናቱ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ወሬው የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። እዚያው ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ የአገር ልጅ ለአጎቷ ደወለች፣ አጎቷ ለሰፈሩ ሽማግሌ ለሸህ አበጋዝ ነገረ። ከፎቅ ወደቀች አሉ። ወደቀች ወይስ ተገፈተረች፣ ያን የሚያውቅ የለም፤ ወደፊትም የሚያውቅ አይኖርም። ሬሳዋ እንኳ አይመጣም፤ እዚያው አሸዋ ውስጥ ይቀብሯታል። ሸህ አበጋዝ ታደለን አስጠርተው ይህን ሲነግሩት ቆመው ነበር፣ ጨርሰው ግን ተቀመጡ።

መርዶ በማታ አይነገርም። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። ዘመድ ጎረቤት ከዋዜማው ይሰማል፣ ይመካከራል፣ ባለ ሐዘኑ ግን እህል ቀምሶ፣ ጎኑን አሳርፎ ይደር ይባላል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይገባሉ፤ ያን ጊዜ የሚይዘው ሰው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው አለ። ደግ ወግ ነው። ችግሩ እስኪነጋ ድረስ አንድ ሰው መዋሸት አለበት፣ ያ ሰው ደግሞ ዛሬ ታደለ ሆነ።

"ቤቱን በሆነ ዘዴ ላዘጋው ወይ፣ ሸህ?" ብሎ ጠይቋቸው ነበር። "ጄኔሬተሩ ተበላሸ ብለውስ?"

"ይህን ዋንጫ ስንት ዓመት ሲጠብቅ? ከዘጋህበት ይነቃል። ዝም ብሎ ያሳይ" አሉት። "አንተ ስልኩን ያዝ፣ እራቱን አብላው፣ ካጠገቡ አትለይ። ፈጅር እንደተሰገደ እኛ እንመጣለን።"

እንዲህ ያለውን አደራ ለጠላትም አይሰጡት። ታደለና መሐሙድ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው ነው ያደጉት፤ ፋሲካም ዒድም ሲመጣ የሁለቱ ሆድ አያርፍም ነበር። ታደለ የማንቸስተር ደጋፊ ነው፣ መሐሙድ የቼልሲ፤ ተጣልተው የሚያውቁትም በዚሁ ብቻ ነው። ተዋሽተው ግን ከቶ አያውቁም።

እራት ላይ መሐሙድ ከጉርሻው ወሬው በዛ። ታደለ ብላ እንጂ፣ ጨርስ እንጂ እያለ እንደ ሕፃን ይለምነዋል፤ እሱ ራሱ ግን ከሽሮው አንድ ጉርሻ አልቀመሰም።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለ መሐሙድ እየሳቀ። "ባየርን ደግፈህ ከወዲሁ ፈራህ?"

"ጨጓራዬ ነው።"

"አብሽር፣ ዛሬ ይለቅሃል። ፈይዛ ለረመዳን ትገባለች፣ ነገርኩህ? ኮንትራቷ አልቋል። ደግማ አትሄድም። እማም ምላለች፣ እኔም ምያለሁ። ቴሌቪዥኑን በላቧ ገዝታ ላከችልን፣ አንድ ቀን እንኳ ጨዋታ አላየችበትም። እኔ ቼልሲ ስል፣ 'ያ ጥቁሩ ጎረምሳ አገባ ወይ?' ብላ ብቻ ትጠይቀኛለች። ድሮግባን ማለቷ ነው፣ ስሙን እንኳ አታውቀውም።"

ታደለ ውኃ ላምጣ ብሎ ተነሣና ጓሮ ወጥቶ ቆመ። ማልቀስ አልቻለም፤ ዓይኑ ቀልቶ ቢመለስ ይታወቅበታል። ፊቱን ታጥቦ ገባ።

ቤቱ ገና በጊዜ ጢም አለ። መሐሙድ በሩ ላይ ቆሞ መግቢያ ሲቀበል ሌላ ጊዜ ጦርነት ነው፤ ግማሹ ነገ እሰጥሃለሁ ይላል፣ ግማሹ ከፍያለሁ ብሎ ይምላል። ዛሬ ሁሉም እየከፈለ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሥጋ ቤት ያለው ፈንታው እንኳ መልሱን ሳይቀበል አለፈ። ፈንታው ማለት የአርሴናል ደጋፊ ሆኖ፣ ቼልሲ በተጫወተ ቁጥር አግዳሚ ላይ ቆሞ መሐሙድን ካልሰደበ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ብቻ፣ "ይህን ዋንጫ የምታየው የልጅ ልጅህ ነው፣ እሱም ካገባህ!" ብሎ ቤቱን በሳቅ አፍርሶታል።

"ዛሬ ሰዉ ጨዋ ሆነልኝ ጃል" አለ መሐሙድ ለታደለ በጆሮው። ደስ ብሎት ነበር።

ክፋት የለባቸውም እኮ። በሰማይ በምድር ክፋት የለባቸውም። ሰው እህቱ ሞታ እንዴት አድርገው ይሳለቁበት? እንዴት አግዳሚ ላይ ይዝለሉበት? ማንም ማንንም ዝም በል አላለውም፤ እያንዳንዱ ለራሱ አፍሮ ዝም አለ። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይላሉ፣ እነዚህም በየሆዳቸው ችለው ተቀመጡ። ዝም ያለ ኳስ ተመልካች ምን እንደሚመስል ግን አንዳቸውም አላሰቡትም።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ባየር አገባ። ባየርን ከያዙት መሐል ሁለት ሦስት ሰዎች ከአፋቸው ያመለጠ ድምፅ አሰሙና ወዲያው ዋጡት። መሐሙድ ራሱን ይዞ ስለነበር አላስተዋለም። ወዲያው ደግሞ ድሮግባ ከማዕዘን የተሻማችውን በግንባሩ ገጭቶ አቻ ሲያደርግ መሐሙድ ተነሥቶ ጮኸ፣ ታደለን አንገቱን አንቆ ሳመው፣ ዘወር ብሎም ሌሎቹን ሊያቅፍ እጁን ዘረጋ። የቼልሲ ደጋፊዎቹ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ሠርግ ላይ ሙሽራ ሲያልፍ እንደሚያጨበጭቡ ዓይነት።

"ምን ሆናችኋል?" አላቸው። "እናንተ ሰዎች አሟችኋል እንዴ?"

አንዱ ሳለ። ሌላው፣ ደንግጠን ነው፣ አለ።

ጭማሪው ሰዓት ላይ ባየር ሪጎሬ አገኘ። ጥፋቱን የሠራው ያው ድሮግባ ነበር። መሐሙድ ሊመታ የተዘጋጀውን ተጫዋች ትቶ ወደ ፈንታው ዞረ፤ ልማድ ነው፣ ስድቡን ሊቀበል ነው የዞረው። ፈንታው ጉልበቱን አቅፎ መሬት መሬት ያያል። በረኛው ኳሷን ያዛት። መሐሙድ አልዘለለም።

"ፈንታው" አለው። "ዛሬ አትሰድበኝም?"

"ጉሮሮዬን... ብርድ መትቶኝ ነው፣ ወንድሜ።"

ወንድሜ! ፈንታው በሕይወቱ መሐሙድን ወንድሜ ብሎት አያውቅም። ታደለ ፈንታውን በዓይኑ ሊበላው ምንም አልቀረው፤ ቃሉ ግን አንዴ ወጥቷል። መሐሙድ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ሳይናገር ጭማሪው ሰዓት አለቀና ወደ ፔናሊቲ ተሄደ።

ያን ጊዜ መሐሙድ ወንበሩን አዞረ። ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሰዉ አድርጎ ተቀመጠ። ፔናሊቲ ማየት የሚፈራ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ ማንም ያደርገዋል፤ መሐሙድ ግን የፈራው ሌላ ነበር፤ አንድ በአንድ ፊታቸውን ነው የሚያየው። የዞረበት ሁሉ ዓይኑን ይሰብራል። ባየር አገባ፤ የቼልሲው የመጀመሪያ መቺ ሳተ፤ የሳቀ የለም። የባየሩ በረኛ ራሱ መጥቶ መትቶ አገባ፤ ማንም ጉድ አላለም። ከቴሌቪዥኑ የሙኒክ ሕዝብ ጩኸት ይመጣል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሕዝብ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ይመስላል። ታደለ በልቡ፣ ኧረ አንዳችሁ እንኳ ጩኹ፣ ኧረ ስደቡት፣ እያለ ይለምናቸዋል። የባየርን አራተኛ ምት በረኛው መለሰው። የሚቀጥለዋም የባየር ኳስ ብረት መትታ ወጣች። የመጨረሻውን ሊመታ ድሮግባ ብቻውን ከመሐል ሜዳ መጣ።

ምቱ ሲመታ መሐሙድ ታደለን እያየ ነበር።

"አገባ?" አለው ቀስ ብሎ።

"አገባ።"

ቼልሲ የአውሮፓን ዋንጫ በላ፤ መካነ ሰላም ውስጥ ግን የጮኸ ሰው አልነበረም። አንድ ወጣት ሊነሣ ሲል ጎረቤቱ ሸሚዙን ይዞ አስቀመጠው። ከዚያ ሰዉ ቀስ በቀስ ተነሣ። በየተራ እየመጡ የመሐሙድን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ባየርን የያዙት እንኳ ጨበጡት። ፈንታው "እንኳን ደስ አለህ" ሊል ጀምሮ ድምፁ ተሰበረና ሳይጨርሰው ወጣ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ታደለ አግዳሚ ሊያነሣ ጎንበስ አለ፤ ምንም የሚያደርገው ስላጣ ነው።

"ተወው" አለ መሐሙድ። "ተቀመጥ። ማን ነው?"

"ምን ማን ነው?"

"ታደለ፣ እባክህ። እናቴ እዚያ ማዶ ሲያስላት ትሰማታለህ። አባቴ ድሮ ሞቷል። ሌላ ማን አለኝ?"

ታደለ ለሸህ አበጋዝ የሰጠው ቃል ትዝ አለው። እንዳይነግረው ፈለገ፣ እንዲነግረውም ፈለገ። በመጨረሻ ግን ሌላ ውሸት ማምጣት አቃተው።

"ሐሙስ ነው አሉ" አለ በሹክሹክታ። "ከፎቅ። እኛ የሰማነው ዛሬ ቀን ነው።"

መሐሙድ ጋቢውን ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ጎሰጎሰውና አግዳሚው ላይ ድፍት አለ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ የእናቱ መደብ ከግድግዳው ማዶ ነው። ድምፅ አላወጣም፤ ትከሻው ብቻ ይነሣል ይወርዳል። ታደለ ጀርባውን ይዞ አብሮት አለቀሰ፣ እሱም አፉን ዘግቶ። የሚይዘው፣ አብሮት የሚጮህለት ሰው እንዲኖር ብለው ነበር ሽማግሌዎቹ እስኪነጋ ይቆይ ያሉት። አሁን ማን ይያዝ፣ ማን ይጩህ?

"ሐሙስ ለት" አለ መሐሙድ ቀና ብሎ፣ "ጣራ ላይ ወጥቼ ዲሹን ሳስተካክል ነበር የዋልኩት። ስስቅ ነበር የዋልኩት።"

"አታውቅም ነበር።"

"ዛሬስ? ዛሬ እናንተ ታውቁ ነበር። ስታስጨፍሩኝ አመሻችሁ።"

ታደለ ይህን መሐሙድ ዕድሜ ልኩን እንደማይረሳለት አውቆታል፤ ይቅር ቢለው እንኳ አይረሳለትም። "ግደለኝ" አለው። መሐሙድ አልሰማውም።

"እማ ሰምታለች?"

"አልሰማችም። ፈጅር ላይ ሽማግሌዎቹ ለሁለታችሁም አንድ ላይ ነው የሚገቡት።"

 ከግድግዳው ማዶ የመሐሙድ እናት የራሕማ ድምፅ መጣ፤ ነቅታ ኖሯል።

"መሐሙድ! ሰዉ ሄደ እንዴ? ዛሬ ምነው ኳሳችሁ ድምፅ የለው?"

 መሐሙድ ፊቱን በእጁ ጠረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሄዱ እማ። አለቀ።"

"ማን ረታ?"

"እኛ ረታን።"

"አልሐምዱሊላህ! እሰይ ልጄ። ፈይዛ ዛሬ ባትደውልም ነገ ስትደውል ንገራት፣ ደስ ይላታል።"

ታደለ ዓይኑን ጨፈነ። መሐሙድ ግድግዳውን በመዳፉ ተደግፎ ቆመ።

"እሺ እማ፣ እነግራታለሁ" አለ። "አሁን ተኚ።"

ወደ ታደለ ዞሮም፣ ለሸህ አበጋዝ ነገርኩት እንዳትላቸው፣ እነሱ ሲነግሩኝ ከእማ ጋር እሰማለሁ፣ ብሎ በጆሮው አስጠነቀቀው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ ጫማውን በር ላይ አወለቀና ምንም እንዳልሰማ ሰው ከእናቱ አጠገብ ሊተኛ ገባ።