ለፍሬሕይወት የሚመለስ

፩

«ያቺን ብር ወደ ወሩ መጨረሻ እፈልጋታለሁ» አለች ፍሬሕይወት፣ ጓንቷን እያወለቀች።

ረድኤት ከመዝገቡ ቀና ሳትል «ችግር የለም» አለቻት።

ብሩ ግን

አልነበረም።


፪

ታሪኩን ከዚህ የጀመርኩት ረድኤትም ስታወራው ከዚህ ስለምትጀምር ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ስትጠየቅ መጀመሪያ ሳቅ ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን ታወራዋለች።

አዳማ ውስጥ ነው። አንድ ፎቅ ላይ የጥርስ ክሊኒክ አለ። ረድኤት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታካሚ ትመዘግባለች፤ ፍሬሕይወት ከውስጥ ሐኪሙን ታግዛለች። ረድኤት ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የታላላቅ እህቶቿን ልብስ እየተቀበለች ለብሳ ያደገች ልጅ ናት። አዲስ ጫማ ከካርቶኑ ሲወጣ ምን እንደሚሸት ያወቀችው በራሷ ደመወዝ ነው።

ካወቀች በኋላ ማቆም አቃታት።

መጀመሪያ ጫማው ነበር። ከዚያ ለጫማው የሚሆን ቀሚስ። ለቀሚሱ የሚሆን ዊግ። ለዊጉ የሚሆን ፎቶ፤ ለፎቶው የሚሆን ስልክ። ለስልኩ ደግሞ ሶፋ አስፈለገ፤ ሰው ፎቶ ሲነሳ ከኋላው የሚታይ ነገር ይፈልጋላ። ለሶፋው ብቻዋን የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ተከራየች። ደመወዟ ወር አላደርስ ሲላት በስልክ ከሚያበድሩት ተበደረች። የስልኩን ለመክፈል ከታላቅ እህቷ ወሰደች። የእህቷን ስታስብ የቤት ኪራዩን አሳደረች።

ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ። ለሌላውም ትገዛ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ከእሷ ሽቶ ወይም ሻሽ ያልተቀበለ የለም። ስትሰጥ ፊቷ ይበራል። የምትሰጠው ግን የሰው ነበር።


፫

ፍሬሕይወት ከእሷ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ባሏ ሙሉቀን የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል።

የመጀመሪያ ፅንሷ ከመወለዱ በፊት ነው የቀረባት። ከዚያ በኋላ ሌላ ሳትፀንስ ቆየች። ሐኪሟ ዳግም ስታረግዝ በቅርብ እንድትታይ መክሯት ስለነበር፣ እንዲያ ያለ ክትትል ባለበት የግል ሆስፒታል ለመውለድ ቆርጣ፣ ገና ሳታረግዝ ብር ማስቀመጥ ጀመረች። ከእያንዳንዱ ደመወዝ ትንሽ፣ ትንሽ።

ረድኤት አንድ ቀን ዓይኗ አብጦ መጣችና «አከራዬ ሊያስወጣኝ ነው» አለቻት። ፍሬሕይወት ለምንድነው፣ መቼ ነው አላለችም። በማግስቱ አምጥታ ሰጠቻት።

ለአከራይዋ የደረሰው ትንሹ ነው። ሌላው ለሶፋው ቀሪ ክፍያና ለልደቷ ድግስ ሄደ።

የብሩን ምንነት ረድኤት ያወቀችው ዘግይታ ነው፤ ፍሬሕይወት ሆዷ ገፍቶ ጋውኗ አልቆለፍ ሲላት፣ ምሳ እየበሉ እንደ ዋዛ ስታወራላት። ረድኤት የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው።


፬

ካበደረችሽ ሰው ጋር አንድ ቦታ የምትሠሪ ከሆነ እንዲህ አድርጊ።

ጠዋት ቀድመሻት ግቢ። ስትመጣ ስልክ እያወራሽ ጠብቂያት። ስልኩ ላይ ማንም ባይኖርም አውሪ።

ምሳ ሰዓት ላይ «ጾም ይዣለሁ» በይ።

ወገቧን ይዛ ደረጃ ስትወጣ ሌላ ቦታ እዪ።

«ረዲ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም፤ ሂጂ እረፊ፣ እኔ በሩን እይዝልሻለሁ» ካለችሽ፣ አመሰግናለሁ በይ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ግቢና የቧንቧውን ውሃ ክፈቺው።

እንዳትሰማሽ።


፭

መደበቁ ሳምንት እንኳ በቅጡ አልሄደላትም። አንድ ከሰዓት ሁለቱ የታጠበ ጋውን ሊያሰጡ ጣሪያው ላይ ወጡ። የሚከተለው እዚያ የተባለው ነው። እኔ አላሳመርኩትም።

ረድኤት፦ ብሩ የለም።

ፍሬሕይወት፦ የቱ ብር?

ረድኤት፦ ያንቺ። ለኪራይ ብዬ የወሰድኩት። ለኪራይ አልነበረም፤ ማለቴ ትንሹ ነው ለኪራይ። ሶፋ ገዛሁበት። ልደት ደገስኩበት።

ፍሬሕይወት፦

(እዚህ ላይ ፍሬሕይወት የያዘችውን ጋውን ሰቀለች። ቀጥሎ ያለውንም አንስታ አራገፈችና ሰቀለች።)

ረድኤት፦ የሆነ ነገር በይኝ እንጂ።

ፍሬሕይወት፦ ልደቱ ላይ እኔም ነበርኩ፣ አይደል?

ረድኤት፦ ነበርሽ።

ፍሬሕይወት፦ ዶሮው ጥሩ ነበር።*

ረድኤት፦ ፍሬ . . .

ፍሬሕይወት፦ አሁን ውረጂ ረዲ። እንዳልጮህብሽ። ሐኪሜ አትናደጂ ብሎኛል።


* ዶሮው በእርግጥ ጥሩ ነበር። ሽንኩርቱን ከትፋ ያቁላላችው ራሷ ፍሬሕይወት ናት።


፮

ሰኞ፦ «ቀጣዩን ታካሚ አስገቢ።»

ማክሰኞ፦ «ቀጣዩን ታካሚ አስገቢ።»

ረቡዕ፦ «ቀጣዩን አስገቢ።»

ሐሙስ፦



(ሐሙስ ፍሬሕይወት ክትትል ስለነበራት አልገባችም። ረድኤት ያቺን «አስገቢ» ቀኑን ሙሉ ስትናፍቃት ዋለች።)


፯

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለተረት አይመችም። ድንገት የተገኘ ሀብታም ዘመድ የለም፤ ዕጣም አልወጣላትም። የሆነው ይህ ነው።

ሶፋውን ሸጠችው። የገዙት አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ሚስትየው ተቀምጣበት ብድግ፣ እንደገና ተቀምጣ ብድግ እያለች ስትስቅ፣ ረድኤት «የምትገዙት በዱቤ ነው ወይስ በእጃችሁ ባለው?» ብላ ልትጠይቃት ከጀለች። ከዚያ «ምን አገባኝ» ብላ ተወችው። ቀጥላ ስልኩን ሸጠች፤ በእሱ ምትክ ማያው የተሰነጠቀ አሮጌ ገዛች። ከቴሌግራም የልብስ ሱቆቹ ገጽ አንድ በአንድ ወጣች። ከመጨረሻው ከመውጣቷ በፊት አዲስ የመጡትን ጫማዎች እስከ ታች አየቻቸው። ይህን ስትነግረኝ አፍራ ነበር።

ኮንዶሚኒየሙን ለቃ ታላቅ እህቷ ቤት ስትገባ ልብሷ በማዳበሪያ ታጭቆ ነበር። እህቷም ያበደረቻት ስለሆነች ረድኤት በሩ ላይ ቆመች። እህቷ ማዳበሪያውን ተቀብላት «የእኔን መጨረሻ ላይ ትከፍያለሽ፣ እስከዚያው ልጆቹን አስጠኚልኝ» ብላ ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። ረድኤት እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የእህቷ ልጅ መጥታ የሒሳብ ደብተሯን ጭኗ ላይ አደረገችላት።

መጀመሪያ ያጠፋችው የስልኩን ብድር ነው፤ እሱ ዝም ካሉት እያደገ የሚሄድ ነውና። ከዚያ ወደ ፍሬሕይወት ዞረች። ደመወዟ ብቻ እንደማያደርሳት ስታውቅ፣ ካልሸጠቻቸው ነገሮች መካከል አንዱን አወጣች። ያለ ልክ የገዛችው የመዋቢያ ሳጥን ነው። እጇ ለዚህ ነገር የተባረከ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከአንድ የሙሽሮች ሳሎን ጋር ተስማምታ ሙሽራና ሚዜ ማስዋብ ጀመረች።

ሰኞ ሰኞ ያገኘችውን ለፍሬሕይወት ታስረክባለች። ፍሬሕይወት ሳትቆጥር ኪሷ ትከተዋለች፤ ቃል አትናገርም። ረድኤትን ያ ዝምታ ያንገበግባታል፤ ቢሆንም በሚቀጥለው ሰኞ ይዛ ትመጣለች።

አንድ ሰኞ ፍሬሕይወት ብሩን ተቀበለችና ሳትሄድ ቆም አለች።

«ቁርስ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

ከቦርሳዋ ዳቦ አወጣችና ለሁለት ከፈለችው።


፰

እሁድ ነው። ሳሎኑ በሚዜ ተሞልቷል። ረድኤት የሙሽራዋን አንድ ዓይን ጨርሳ ወደ ሌላው ልትሻገር ስትል ስልኳ ጠራ።

ፍሬሕይወት ነበረች። ሙሉቀን መንገድ ላይ ነው፤ እናቷ ከአሰላ የሚመጡት ነገ ነው። ምጥ ግን ነገን አልጠበቀም። ደንግጣ ስሟን ብቻ ነው የጠራችው፦ «ረዲ . . . ረዲ . . .»

ረድኤት ለሙሽራዋ እውነቱን ነገረቻት። ሙሽራዋ በአንድ በተኳለና በአንድ ባልተኳለ ዓይን አየቻትና «ሂጂ፣ እህቴ ትጨርስልኛለች» አለች። የዚያን ቀን ክፍያ ቀረ። ረድኤት ባጃጅ ላይ ስትዘል እሱን አላሰበችም።

ፍሬሕይወትን ከበሯ አንስታ፣ በየጉድባው «ቀስ፣ ቀስ» እያለች ሹፌሩን እየተቆጣች ሆስፒታል አደረሰቻት። የገንዘብ ክፍሉ መጀመሪያ የሚያዝ ክፍያ ጠየቀ። ፍሬሕይወት ቦርሳዋን አቀበለቻት። ረድኤት ስትከፍተው ውስጡ በላስቲክ የታሰረ ብር አገኘች። የረድኤት የራሷ ሰኞዎች ነበሩ፤ አንዱም አልተነካም። ከሥሩ ሙሉቀን የጨመረበት አለ።

በቃ።

ቃሉን በሁለቱም ትርጉሙ አንብቡት።

ፍሬሕይወት የረድኤትን እጅ ይዛ ውላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተገላገለች። ረድኤት ሕፃኗን ስትቀበል የሙሽራዋ ኩል ገና ጣቷ ላይ ነበር።


፱

አራስ ቤት ሰው ባዶ እጁን አንጠልጥሎ አይመጣም። ረድኤት ግን አንጠልጥላ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በር ላይ እንደማፈር ስትል የፍሬሕይወት እናት፣ እማማ ተዋቡ፣ አዩዋትና ሽንት ጨርቅ የሞላ ሳፋ አሳዩዋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ታጥባለች፤ ገንፎውን ታማስላለች፤ ሕፃኗን ይዛ እናትየውን ታስተኛለች።

አንድ ቀን ረድኤት እናትየዋ ተኝታለች ብላ ስታስብ ፍሬሕይወት ዓይኗን ገልጣ አየቻት።

«ብሬን አልማርኩሽም» አለች ፍሬሕይወት። «የቀረውን ትከፍይኛለሽ።»

«እከፍላለሁ።»

«አንቺን ግን ምሬሻለሁ። ይህን እንድታውቂው ነው።»

ረድኤት ሕፃኗን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ቀጥሎ ፍሬሕይወት ሁለት ነገር ጠየቀቻት። አንደኛው የልጇ የክርስትና እናት እንድትሆን ነው። ሁለተኛው ስም እንድታወጣላት ነው። የክርስትና ስሟን ቄሱ ያወጡላታል፤ የቤት ስሟን ግን እስካሁን «ሚጢ» እያሉ ያቆዩት ፍሬሕይወት ለረድኤት ብላ ነው።

«ቀሚስ እንዳታመጪ» አለቻት። «ጫማም፣ ሐብልም። ስም ብቻ ይዘሽ ነይ።»


፲

ክርስትናው ሊደርስ ሲል ረድኤት ከሥራ ስትወጣ የአንድ ልብስ ሱቅ መስኮት ፊት ቆመች። ነጭ ቀሚስ፤ ደረቱ ላይ ጥልፍ፤ ከክንዷ የማይረዝም። ገባች። እጇ ጨርቁን ነካው። ባለሱቋ የቀድሞ ደንበኛዋ ናትና በደስታ ተቀበለቻት።

«ውሰጂው፣ የኔ ቆንጆ። ብሩ የት ይሄዳል? ስታገኚ ታመጪዋለሽ።»

ያ የድሮ ሙቀት ደረቷ ላይ ሲወጣ ተሰማት። ሕፃኗ በቀሚሱ ውስጥ ታየቻት። የሰዉ ዓይን ታያት። «የክርስትና እናቷ ማናት?» ሲባልም የሰማች መሰላት።

ቆመች።

ቆየች።

«በጣም ያምራል» አለች በመጨረሻ። «ግን አልወስደውም።»

ውጪ ስትወጣ አንድ ደረጃ ላይ አረፍ አለች። ደስታ አልነበረም የተሰማት፤ ሐዘን ነው። ቀሚሱ በእውነት ያምር ነበር።


፲፩

ሕፃኗ ክርስትና ከተነሳች በኋላ ቤት ተሰበሰቡ። ጥቂት ጎረቤት፣ ከክሊኒኩ ሰዎች፣ እማማ ተዋቡ፣ ከጅቡቲ ለዚሁ የተመለሰው ሙሉቀን። ሕፃኗ የጎረቤት ልጅ ሲጠመቅ የለበሰውን ለብሳለች፤ እጅጌው ትንሽ ረዝሟታል። የረድኤት ጭን ላይ ናት።

«ስሟ ማን ተባለ?» ብሎ አንድ ሰው ጠየቀ። ሁሉም ወደ ረድኤት ዞረ።

ረድኤት ስንቱን ስም አውጥታ ጥላለች። አንዱ ሲጠሩት ያብረቀርቃል ብላ ተወችው። አንዱ ይቅርታ የሚለምን መሰላት፤ እሱንም ተወችው፤ ልጅ የሰው ዕዳ ተሸክማ እንድትጠራ አልፈለገችም። የመረጠችውን ለማንም አልተናገረችም።

እኔ ስሙን አውቀዋለሁ። ብጽፈው ግን ከእኔ የተቀበላችሁት ይሆናል። እንደ ረድኤት ባዶ እጃችሁን ተቀምጣችሁ፣ ሕፃኗን እያያችሁ፣ እናንተ ብታወጡላት ይሻላል።

ረድኤት ጎንበስ ብላ መጀመሪያ ለሕፃኗ ጆሮ ብቻ ነገረቻት። ሕፃኗ አዛጋች። ፍሬሕይወት ከአልጋው ጫፍ ሆና ትጠብቃለች። ረድኤት ቀና አለችና፣ ሁሉም እንዲሰማ፣

«








»