የግራው ሳጥን

«እነዚያን ሁለት ስፒከሮች እወስዳለሁ» አሉ ሎሴሊ።

ምንጣፍ ሲያጣጥፉ የነበሩት ሴቶች እጃቸውን ገቱ። ላቪኒያ የሻይ ትሪ እንደያዘች ደፍ ላይ ቀረች። ፀጉሯ እንደ ለቅሶው ደንብ ተፈትቷል፤ የታጠቀችው አሮጌ የሐዘን ምንጣፍ ከብብቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውጧታል። የሟች ልጅ በለቅሶው ሰሞን ከሁሉም በታች ናት፤ ቦታዋ ጓዳ፣ ሥራዋ ማገዶና ድስት። ሎሴሊ ግን የሟች ታላቅ እህት ናቸው፤ የለቅሶው ፋሁ። ፋሁ ከወንድሟ ቤት ዓይኗ ያረፈበትን ልውሰድ ብትል እምቢ የሚላት ሰው በቶንጋ ምድር አልተፈጠረም።

«ጀልባዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል። እስከዚያ ይታሰሩልኝ» አሉ ደግሞ፣ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ግራ ዘወር አድርገው፣ ሁሉን በጎን እያዩ። ላቪኒያ ይህን አስተያየታቸውን ከልጅነቷ ጀምሮ ትጠላዋለች። ሰው ዓይናቸውን የማይሞላ ሴት! ትሪውን አስቀምጣ ወጣች።

ጓሮ የአጎቷ ልጅ ፓውላ የምድር ምድጃውን ድንጋይ እያነሣ ነበር። እሷም ከጎኑ ሆና ማንሣት ጀመረች።

«ምነው፣ ድንጋዩ ምን በደለሽ?»

«ስፒከሮቹን ወሰዱብኝ።»

«ተመስገን በይ። የእኔን አሳማ እኮ ገና በቀብሩ ዕለት ነው የበሏት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። እነዚያን ሁለት ሳጥኖች እሷና አባቷ ዓመት ከመንፈቅ ደክመውባቸዋል። አባቷ ሴሚሲ የጀልባ አናጺ ነበር። የኮኮናት ግንድ ጣውላ እየላገ፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ ያዳምጣል፤ «ደንቆሮ ነው» ያለውን ጣውላ ይጥላል። እሱ በጆሮው፣ እሷ በስልኳ መለኪያ እየተከራከሩ ነው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ሳጥኖች የወጡት። ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት።

«አባዬ፣ የግራው ቀጭኑን ድምፅ ያስጮኸዋል» አለችው ያን ጊዜ።

«ይጩኽ።»

«ጥንድ እኮ ናቸው! እኩል መሆን አለባቸው።»

«እንዳለ ተይው አልኩሽ።»

«ጆሮህ አርጅቷል!»

ሴሚሲ የሽቦ መበየጃ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለና ወጣ። ረቡዕ ለጸሎት ሲሄድ ላቪኒያ የግራውን ሳጥን ከፈተች፤ የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ ቀጭኑን ድምፅ የምትቀንስ ሬዚስተር ጨምራ ሁለቱን እኩል አደረገቻቸው። ነገ እነግረዋለሁ ብላ አሳደረችው፣ ነገም ሌላ ነገ ወለደ። ዓርብ ጠዋት ሴሚሲ ሥራው ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው።

እናቷ ፊናው ባዶ ድስት ይዘው ወደ ጓሮ መጡ።

«እማዬ፣ ምን ያደርጉላቸዋል? ሙዚቃ ሲሰሙ አይቼ አላውቅም!»

«ቀስ በይ» አሉ ፊናው ወደ ቤቱ እያዩ። «ለሳቸው የተሠራ ነገር ነዋ።»

«ለሳቸው?»

«ልጆች ሳሉ ነው። በገና ሰሞን አባትሽ ልጆች በነጭ ጋዝ የሚያፈነዱትን የቀርከሃ መድፍ ሲተኩስ እሳቸው በግራቸው በኩል ተጠግተው ቆመው ነበር። የግራ ጆሯቸው ከዚያ ወዲህ ቀጭን ድምፅ ጮክ ካላለ አይይዝም። አንገታቸውን የሚያዞሩት በደህናው ለመስማት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ወንድም የእህቱን ጉድለት ያወራል እንዴ? በእኛ ወግ ወንድምና እህት ካደጉ አንድ ክፍል እንኳ አብረው አይቀመጡም። ይቅርታ ልበል ቢል በየት በኩል ይበል? ሃምሳ ዓመት አፍሮ ኖሮ በሳጥን መጣ።»

ላቪኒያ ረቡዕ ዕለት የጨመረቻት ፍሬ ትዝ አለቻት። የአባቷን ይቅርታ በገዛ እጇ ነው ያፈነችው። ዝም ብትል ሳጥኖቹ ይታሰራሉ፣ ጀልባው ይነሣል፣ ማንም አያውቅም። ሰዓቱ ስምንት አልፏል። ካውያና ካቻቢቴ አነሣች።

ጎንበስ ብላ ገባችና አክስቷ አጠገብ ተንበረከከች። «አክስቴ፣ የግራውን ሳጥን ልክፈተው፤ ይፍቀዱልኝ። ያበላሸሁት ነገር አለ።»

ሎሴሊ ንቅንቅ አላሉም። አንዷ ሴት «የፋሁ ዕቃ ላይ እጇን ልትጭን!» ብላ አጉረመረመች። ላቪኒያ የተንበረከከችው በግራቸው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። በቀኝ በኩል ዞራ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ «አባቴ ለእርስዎ ጆሮ ብሎ ነው የሠራው። እኔ ሳላውቅ አበላሸሁት። ጆሮህ አርጅቷል ብዬም ሰደብኩት።»

ስለ ጆሯቸው በአደባባይ ያወራ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ፊናው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«መድፉን» አሉ ሎሴሊ፣ «ተኩስ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ፈርቶ ነበር። ይህን አንድ ቀን አልነገርኩትም።» ሳጥኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉላት። «ክፈቺው።»

ብሎኖቹን ፈታች። ካውያው ጣቷን ለበለባት፤ ቢሆንም ያቺን ፍሬ ነቅላ አወጣች፣ ሽቦውን አባቷ እንዳሰረው መልሳ አሰረች። ሳጥኖቹን መደርደሪያው ላይ አቆመችና አባቷ በፋሲካ የቀዳውን የመዘምራን መዝሙር ከፈተች። ሎሴሊ ሁለቱን ፊት ለፊት አድርገው መሐል ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ከቀኝ የወንዶቹ ወፍራም ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ከግራ የሴቶቹ ቀጭን ድምፅ ተነሣ።

ከወደቡ ጀልባው ጮኸ። ሎሴሊ አልተነሡም። ሃምሳ ዓመት ወደ ግራ የዞረው አንገታቸው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ተመለሰና ቀጥ አለ።