ማራገቢያው አልቆመም

«ማራገቢያው ቆመ ወይ፣ አባባ ሸምሶ?» አለች ሳሌሃ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፤ የቡታጅራው ዘበኛ በመስኮት አጮልቀው እያዩላት ነው።

«ወላሂ ይዞራል፣ ልጄ! ጥግ ያለው ቴሌቪዥን የሚመስለው ነው ድርግም ያለው።»

ሳሌሃ ክው አለች።

እሷ ወልቂጤ ናት፤ ማሽኖቹ ቡታጅራ፣ የኮሌጁ ቅርንጫፍ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ከሩቅ የምታበራና የምታጠፋበትን መሣሪያ በጥር ወር ያስተካከለችው ራሷ ነበረች፤ ለስምንቱም ሶኬቶች ስም አውጥታ። ሦስት የምዝገባው ማሽን፣ አራት የመዝገብ ቤቱ ማሽን፣ አምስት ማራገቢያው። አሁን ለሙከራ አምስትን ብታጠፋ የጠፋው ስክሪን ሆነ።

ነገሩ ገባት። ለመስቀል ቤት ሁሉ ሲለሰን፣ የቡታጅራው ባለሙያ ፈቃደም የማሽኑን ክፍል ቀለም አስቀብቷል። ገመዱን ሁሉ ነቅሎ፣ ግድግዳው ሲደርቅ እጁ እንዳመጣለት ሰክቶ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ለበዓሉ አገሩ ቸሃ ገብቷል። ስልኩም ከጠዋት ጀምሮ አይሠራም። አይ ፈቃደ! ግድግዳው መቼም አምሮልሃል።

የምዝገባው ማሽን አልታዘዝ ብሎ ደርቋል። አጥፍታ ካላበራችው የሁለት መቶ አሥራ ሁለት የርቀት ተማሪዎች ስም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለፈተናው አይተላለፍም፤ የዓመት ልፋታቸውን ውኃ በላው ማለት ነው። በስህተት የመዝገብ ቤቱን ብታጠፋ ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ ይጠፋል። ሰዓቱ አሥር ከሃያ ይላል።

«ገምቺና አንዱን ንኪው» አላት አጠገቧ የተቀመጠው ባልደረባዋ ኤፍሬም። «ከተበላሸ መብራት ነው እንላለን። መብራት ስንቱን ጥፋት ተሸክሞልናል!»

ጣቷን ሦስት ላይ አሳረፈች። መልሳ አነሳችው። ወደ አራት ወሰደችው። ማልቀስ አማራት።

«አባባ ሸምሶ፣ የትኛው ገመድ የት እንደተሰካ በመስኮቱ ይታያል?»

«በጀርባ ነው ያለው። አይታየኝም።»

«እንግዲያው በሩን ይስበሩት።»



«ልጄ፣ እኔ ዘበኛ ነኝ። ስድስት ነፍስ አስተዳድራለሁ። የምጠብቀውን በር ራሴ ሰበርኩት ልበል? ማን አዘዘህ ሲሉኝስ?»

ኤፍሬም ተይ በሚል ራሱን ነቀነቀባት። የሥራ ውሏ በጥቅምት ያልቃል፤ የሚያድስላት ሰውዬ ደግሞ ሰበብ አያጣም። ሳሌሃ ይህን ሁሉ ታውቃለች፣ ፈርታለችም።

«እስክሪብቶ አለዎት?»

«አለ።»

«የተረኛ መዝገቡ ላይ ይጻፉት። ስበር ብላ ያዘዘችኝ ሳሌሃ ሙሀመድሰይድ ናት ይበሉ። ስልኬንም ይጨምሩበት።»

«ሳ... ሌ... ሃ...» እያሉ ቀስ ብለው ሲጽፉ ሰማቻቸው። ከዚያ ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጡት፤ ብረት ብረትን ሲመታ ተሰማ። እሷም ጥር ላይ የጻፈቻቸውን ስምንት ስሞች ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ትሰርዝ ጀመር፤ ሽማግሌው ገብተው ገመዶቹን እያዩ ሲነግሯት እንደ አዲስ ልትጽፋቸው።