ሆዴን ቆረጡብኝ!

ጎተራ ሆዱን ያስቀነሰ ዕለት እናቱ ስልኩን እንደያዘች «ሆዴን ቆረጡብኝ!» ብላ ስትጮህ ሰፈሩ በሙሉ ጫማ እንኳ ሳያደርግ ግር ብሎ መጣ። ልጇን ነው የቆረጡት ወይስ የሷን ሆድ? ማንም አልገባውም፤ ምክንያቱም ልጇን ከተወለደ ጀምሮ «ሆዴ» ነው የምትለው። ላብራራ ብላ «ሆዴን ሆዱን ቆረጡት!» ስትል ደሞ ጭራሽ ባሰ። አንዷ ጎረቤት ደረቷን ይዛ «ውይ በሞትኩት፣ ሁለቱንም?» አለች።

ከእናቱ በቀር ያለው ሰው ሁሉ ግን «ጎተራ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣችለት ታናሽ እህቱ ናት፣ ጸጉር ሠሪዋ፣ ያቺ ምላሷ ከመቀሷ የሚብሰው። ግን እኮ አልዋሸችም! ሰውየው ሲበላ የሚበላ ሳይሆን እህል የሚያራግፍ ነበር የሚመስለው። ሥራው ሶፋ መሥራት ነው፤ የሠራውን ሶፋ ከማስረከቡ በፊት ራሱ ዘፍ ብሎ ይሞክረዋል፤ ጎተራን የቻለ ሶፋ በቃ ዕድሜ ልኩን አይሰበርም ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ግን ጉልበቱ እምቢ አለ፣ ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ማፏጨት ጀመረ፣ ዶክተሯም «በዚህ ከቀጠልክ ልብህ አይችልህም» አለችው።

ኦፕራሲዮኑን ስታስረዳው ደሞ እንደሱ ቶሎ የገባው በሽተኛ አይታ አታውቅም። «ጨጓራህን በቁመቱ እንቆርጠውና ጠርዙን በስቴፕል እንመታዋለን» ስትለው ዓይኑ በራ፤ እሱም የሶፋ ልብስ የሚመታው በስቴፕል ነው።

«ስንት ቁጥር ስቴፕል?» አላት።

ትንሽ የሶፋ ልብስ ውስጥ ብዙ ስፖንጅ ከተጠቀጠቀ ምን እንደሚሆን ለሱ አይነገርም። ዶክተሯ ግን ነገረችው። «ካበዛህ ያምሃል፣ ታስመልሳለህ፣ ከደጋገምከው ደሞ ቀስ በቀስ ይለጠጥና ልፋታችን ሁሉ ገደል ይገባል። መጀመሪያ ዶሮ ወይ እንቁላል፣ በደንብ አላምጥ፣ ሲበቃህ አቁም። ትንሽ ትንሽ!» እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። ይቺን «ትንሽ ትንሽ» ያዙልኝ፣ መዓት ያመጣችው እሷ ናት።

ወራት አለፉ፣ ሱሪው ሰፋ፣ ጉልበቱ ዝም አለ። የሥራ ቀን ቀላል ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ስፖንጅና ሙጫ ነው፣ ማን ስፖንጅ ይበላል? በዓል ሲመጣ ግን እናቱ ቤት ምሳ ሆነ። ጎተራ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። የፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዓይኑ። ሆዱን ቀነሱለት እንጂ ዓይኑን ማን ቀነሰለት? ሁለተኛው «በሞቴ» ነው።

እናቱ «በሞቴ ብላ» ካለች አለቀ፣ ፍርድ ቤት ይግባኝ የለውም። ጎተራ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሏት አያውቅም። እህቱ ሞክራ ነበር። «በሞቴ አንድ ቁራሽ ኬክ ድገሚ» ስትባል «ጠግቤያለሁ» አለች፣ እንደ ጀግና። እናትየው ቀጥ ብላ ሄዳ አልጋ ላይ ወጣች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ «ሞቴን ከናቀች ምን ቀረኝ፣ ልሙትላት» አለች። ልጅቷ ኬኩን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች እስክትጨርስ አልተነሳችም!

ለማንኛውም ጎተራ የሕፃን ማንኪያ ኪሱ ከቶ ሄደ። በሩ ሲከፈት የዶሮ ጥብሱ ሽታ እንደ ዘመድ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ቀጥላ እናቱ ተጠመጠመች።

«ሆዴ! ሆዴ መጣ!» አለችና ድንገት ቀጥ አለች። «እንዴ! እጄ... እጄ ተገናኘ!»

እውነቷን ነው። ድሮ ስታቅፈው እጇ ጀርባው ላይ አይደርስም ነበር። ለቀቀችውና ደግማ አቀፈችው፣ አሁንም ተገናኘ። ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም፣ ሁለቱንም አለቀሰችው።

«ጎተራው ፈረሰ ማለት ነው?» አለች እህቱ ከሳሎን። «አሁን ምን ብዬ ልጥራህ? ቁም ሳጥን?»

«ወንድም ጋሼ በይኝ፣ አንቺ ባለጌ።»

ከዛ ጠረጴዛውን አየ። የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያክሉ ትንንሽ ሰሃኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ የጠረጴዛው ልብስ ቀለም አይታይም። ትንሽ ዶሮ፣ ትንሽ ሩዝ፣ ትንሽ የተጠበሰ ድንች፣ ትንሽ ዓሣ፣ ትንሽ ማካሮኒ፣ ትንሽ ሰላጣ፣ ትንሽ ኬክ፣ ትንሽ ሌላ ኬክ።

«ይሄ የማነው?» አለ ጎተራ፣ ድምፁ እየቀጠነ።

«ያንተ ነዋ ሆዴ! የኛማ ወጥ ቤት ነው።»

«እማዬ፣ ዶክተሯ እኮ...»

«ዶክተሯ ምን አለች? ትንሽ ትንሽ! በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ይኸው፣ ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ። አበዛሁ?»

አባትየው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ከወሬ ይልቅ ዝም ማለት የሚቀናው፣ ሰሃኖቹን በዓይኑ ቃኝቶ «ትርፍ ጭነት» አለና ጋዜጣውን መልሶ ገለጠ።

ጎተራ ተቀመጠ። የሕፃን ማንኪያውን አወጣ። እህቱ «የለሃጭ ጨርቅ ላስርልህ?» አለችው። አልሰማትም። ከዶሮው ትንሽ ቆረሰ፣ አላመጠ፣ አላመጠ፣ አላመጠ፣ ዶሮዋ ራሷ በቃ ዋጠኝ እስክትል አላመጠ። ደገመ። ሰለሰ። እና ልክ ስፖንጅ ሲሞላ የሶፋ ልብስ ውጥር እንደሚለው፣ ከደረቱ ሥር ውጥር አለ። ሞላ! እንዲህ በቀላሉ!

ዓይኑ ግን ወይ ፍንክች። ዓይኑ ድንቹ ላይ ነው። ጠርዙ ቡናማ፣ ሲነኩት ቀጭ የሚል ዓይነት። ቀኝ እጁ ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ሰሃኑ መሄድ ጀመረ። ጎተራ ደነገጠና እጁ ላይ ተቀመጠበት። እውነት፣ የገዛ እጁ ላይ!

«ምነው ሆዴ? አቆምክ?» አለች እናቱ። ድንቹን ገፋ አደረገችለት። «በል፣ ይቺን ብቻ።»

«ጠገብኩ እማዬ።»

«በዚች? ድመት እንኳ በዚች አትጠግብም! በሞቴ!»

መጣች። የተፈራችው «በሞቴ»። እህቱ ሹካዋን አስቀመጠች፣ አባትየው ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ጎተራ ድንቹን አየ፣ እናቱን አየ። ከበላ፣ እዚሁ በበዓል ልብሷ ላይ ነው የሚያስመልሰው። ካልበላ፣ አልጋና ግድግዳ። ላብ አጠመቀው። እና ሳያስበው አፉ አመለጠው፤

«እኔ ልሙት አልችልም!»

እናትየው ብድግ አለች። «ምን አልክ? አፍህን ቁረጠው! ገና ከኦፕራሲዮን የተነሳ ሰው ልሙት ይላል? እኔ ልሙት!»

«እኔ ልሙት እማዬ፣ ተይ!»

«አፈር ልብላ፣ አንተ አትሞትም! እኔ ነኝ የምሞተው!»

«ኧረ እኔን ይድፋኝ ሁለታችሁም ተዉ!» አለች እህቱ በመሃል ገብታ።

«አንቺ ደሞ ማን ሙቺ አለሽ?» አሉ ሁለቱም እኩል።

የበዓል ምሳው በአንዴ ሬሳ በሬሳ ሆነ። አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካል፣ ልክ ጨረታ። አባትየው ጋዜጣውን በሥርዓቱ አጠፈና «ይቅርታ፣ ወረፋው ከየት ነው የሚጀምረው?» አለ።

እህቱ ሳቋ በአፍንጫዋ ወጣ። እናትየው ግን አልሳቀችም። የልጇን ግንባር አየች፣ ላቡን። ድምጿ ቀነሰ።

«የእውነት ትሞታለህ?»

«አልሞትም እማዬ። ያመኛል እንጂ። ዶሮሽ ደሞ ወደር የለውም። ግን በቃኝ።»

በቃኝ! ይቺ ቃል ከሱ አፍ ወጥታ አታውቅም። እናትየው ሰሃኑን እንደያዘች ቆመች፣ ወዴት እንደምታስቀምጠው የጠፋት ትመስላለች።

«እሺ፣ እኔስ ታዲያ ምን ልሥራ?» አለች ቀስ ብላ። የእውነት ጥያቄ ነበር። ጎተራን ከድንቹ በላይ አንጀቱን የበላው ይሄ ነው።

ተነሳና በሷ በኩል ያለውን ወንበር ሳበ። ወንበሮቹን ሁሉ ያለበሳቸው እሱ ነው፣ ድሮ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጥቅል ስፖንጅ። የአባቱ ተጨፍልቋል፣ የእህቱ ተጨፍልቋል፣ የሱማ ስፖንጅ ነበረው ማለት ይከብዳል። የሷ ግን በመዳፉ ሲጫነው ልክ ትናንት እንደተመታ ተመልሶ ብቅ አለ።

«እማዬ፣ እዚህ ላይ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

«መች ጊዜ አለኝ ልጄ? ሳቀርብ፣ ሳነሳ...»

«ቁጭ በይ። ምን ላቅርብልሽ? ምን ትወጃለሽ?»

እናትየው ተቀመጠች፣ የሰው ቤት እንደሄደ እንግዳ በጫፉ። አሰበች። አሰበች። «እንጃ» አለች። «ቆይ እስቲ ልቅመስ።»

ከዓሣው ቀመሰች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከማካሮኒው ቀመሰች፣ ደህና። ከሩዙ አንድ ማንኪያ ጎረሰችና ፊቷ ጭምድድ አለ።

«እንዴ! ይሄ ጨው ነው እንጂ ሩዝ ነው? ዛሬ ነው እንዲህ የሆነው?»

እህቱ ጣሪያውን አየች፣ ጎተራ የሕፃን ማንኪያውን በፎጣ ይጠርግ ጀመር።

«ሁልጊዜ ነው? ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው አንዳችሁ እንኳ አትነግሩኝም?»

«መች አፋችን ባዶ ሆኖ ያውቃል?» አለ አባትየው።

አፏን በእጇ ያዘች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ ነው ብለው ሲደነግጡ፣ ሳቋ ፈንድቶ ሩዙ ጠረጴዛው ላይ ተረጨ። ዓይኗን ጠረገች፣ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ሆዴ፣ እስቲ ያንን ድንች አቀብለኝ።»

ጎተራ ሰሃኑን አነሳ። ጠርዙ ቡናማ ነው፣ ቀጭ የሚል ዓይነት። ምራቁን ዋጠና አቀበላት።