ስኳር ውሃ

ለአማቴ የልጃቸውን መርዶ በየጠዋቱ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ? ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን። ልጃቸው ቫልዴማር፣ ባሌ ማለት ነው፣ የካቲት ላይ ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ። እሳቸውን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ መርሳት ጀምሯቸው ስለነበር ማታ የሰሙትን ጠዋት አያውቁትም። ይነሳሉ፣ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ "ቫልዴማር የት ሄደ?" ይላሉ። እሱ ካልገባ ቁርስ የሚባል ነገር አይቀምሱም።

እኔም እንደ ወጉ አስቀምጣቸዋለሁ። በእኛ ተራራ ክፉ ወሬ ለሰው የሚነገረው አስቀምጠው፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አስይዘው ነው። ብርጭቆውን እጃቸው ላይ አደርግና "እማማ፣ ቫልዴማር ሞቷል" እላቸዋለሁ።

"መቼ?" ይላሉ።

"የካቲት ላይ። እንጨት ሲፈልጥ።"

"ተሰቃየ?"

"አልተሰቃየም። አንድ ጊዜ ነው።"

ከዚያ ያለቅሳሉ። ኧረ እንዴት ያለቅሳሉ! ደረታቸውን እየመቱ፣ ስሙን እየጠሩ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። ለሳቸውማ በየቀኑ የመጀመሪያው ቀን ነው። እኔ ብርጭቆውን አጥቤ ዶሮዎቹን ላበላ እወጣለሁ።

ሊዝበን ያለችው ልጃችን በስልክ ትቆጣኛለች። "ለምን ትነግሪያቸዋለሽ? ሄዷል፣ ይመጣል በያቸውና ተይ!" ትለኛለች። ሊዝበን ተቀምጦ መናገር ምን ይከብዳል! ሰው ልጁ ሲሞትበት ማወቅ አለበት ብዬ ነው የምነግራቸው። ደግሞ ውሸት አይሆንልኝም።

እኔ አላለቀስኩም። ይኸው ራሴ ልናገረው፤ መንደሩም ያውቀዋል፣ በቀብሩ ቀን ሁሉም ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ነው የዋለው። ድንዝዝ ብያለሁ። ጥርስ ሊነቅሉ ሲሉ መርፌ ወግተው ድድ እንደሚያደነዝዙት ማለት ነው፤ ቢነኩኝም ቢቆርጡኝም አይሰማኝም። ምሳ ደርሷል ልለው ወጥቼ ያገኘሁት እኔ ነኝ። መጥረቢያው ግንዱ ላይ እንደተሰካ፣ እሱ ከጎኑ። ለጎረቤት የነገርኩ እኔ፣ ለቄሱ እኔ፣ ለልጃችን እኔ። ሁሉንም ካዳረስኩ በኋላ ገብቼ የወጡን እሳት አጠፋሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ደረሰ። ያን ቀን ተራራው ሁሉ ወደ ባሕር ይወርዳል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ቅዱስ ዮሐንስ አንገቱን የተቆረጠበት ዕለት ነው፤ ያን ዕለት አንዴ ባሕር የገባ ሰው ሃያ ዘጠኝ ጊዜ እንደ ገባ ይቆጠርለታል። ለወገብ ይበጃል፣ ለቁርጥማት ይበጃል፣ ለምቀኛ ዓይንም ይበጃል። አማቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ዓመት አልቀሩም፤ ድሮ በበቅሎ፣ ኋላ በትራክተር፣ ከዚያ በቫልዴማር መኪና። ቀኑን በምን እንደሚያውቁት እንጃላቸው። የልጃቸውን ሞት የማያውቁ ሴትዮ ነሐሴ ሃያ ዘጠኝን ያውቃሉ! ስነሳ ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ዛሬ ባሕር ነው" አሉኝ። "ቫልዴማር የት ሄደ?"

የስኳሩን ጣሳ ላነሳ እጄን ዘረጋሁ፣ እጄም እዚያው ቀረ። ዛሬ አልናገርም አልኩ በሆዴ። አንድ ቀን እንኳ መርዶ ነጋሪ ሳልሆን ልዋል። እሳቸውም አንድ ቀን ልጅ ይኑራቸው። አዘነችላቸው እንዳትሉኝ፤ ደክሞኝ ነው።

"ቀድሞን ወርዷል፣ እማማ። ጥላ ያለበት ቦታ ሊይዝልን።"

"ጎሽ የኔ ልጅ" አሉና ተቀምጠው ዳቦና አይብ በሉ። ከየካቲት ወዲህ እንደዚያ ሲበሉ አላየሁም።

መኪናው ላይ ፎጣ ስጭን ሦስት ጫንኩ። ሰማያዊው የእሱ ነው። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው፤ እንደገና ከፍቶ ማውጣቱ ደግሞ ታከተኝ፣ ተውኩት።

መንገድ ላይ አማቴ ከላይ እስከ ታች ያዩኝ ጀመር። እሳቸው ራሳቸው ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከጥቁር ልብስ ወጥተው አያውቁም። "አንቺ ደግሞ ምነው እንዲህ ጥቁር በጥቁር የሆንሽው?" አሉኝ። "ማን ሞተብሽ?"

"ቀለሙን ወድጄው ነው።"

"አያምርብሽም። ፊትሽን የጓያ ቂጣ አስመሰለው።"

"እሺ፣ እማማ።"

"እሺ ብቻ! ባልሽ ምን ይላል? በቁሜ ገደለችኝ አይልም?"

መሪውን ይዤ ፊት ለፊት ማየት ነው። አንድ ነገር ይሰማኝ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ብቻ የፊተኛው ጎማ ንፋስ እንደጎደለው አሰብኩ።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ጭጋጉ ገና መነሳቱ ነበር። ግራና ቀኙ ጥቁር ገደል ነው፣ ወደ ባሕሩ የገባ ስለታም አለት ነው፣ መሃሉ ላይ አሸዋው ተዘርግቷል። ከሩቅ አገር የሚመጡት ጀርመኖች በማዕበል ላይ የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ እንደያዙ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ፎቶ ያነሳሉ፤ እንዲህ ያለ ውበት አይተን አናውቅም ይላሉ። ቆንጆ ሳይሆን አይቀርም። እኔ አሸዋ ነው ያየሁት። አማቴን ደግፌ በጠባቧ መንገድ እየተንፏቀቅን ወረድን።

የመንደራችን ሰው ከገደሉ ሥር ጃንጥላውን ተክሎ፣ ጨርቁን አንጥፎ፣ ጥብስ ዶሮውን፣ ሐብሐቡንና በለሱን ደርድሯል። መጀመሪያ ያየችን ግራሲንዳ ናት። ጎረቤቴ ናት፣ ምላሷ አያርፍም።

"ውይ ፌሊዝቤላ! ሐዘንተኛ ዓመት ሳይሞላት ባሕር ትወርዳለች እንዴ?" አለችኝ በጆሮዬ።

"አንቺ ዶሮሽን ብዪ።"

"እኔማ ለአንቺው ብዬ ነው፣ ሰው እንዳያማሽ።" ከዚያ ወደ አማቴ ዞረችና እጇን ዘርግታ አቀፈቻቸው። "እማማ ኤርሜሊንዳ! እግዜር ያጽና—"

እግሯን ረገጥኩት። በደንብ አድርጌ ነው የረገጥኩት።

"ዛሬ አልነገርኳቸውም" አልኳት ጥግ ወስጄ። "አንድ ሰው አፉን ቢከፍት አልምረውም። ለሁሉም ንገሪ።"

ወሬ አዳርሺ ማለት ለግራሲንዳ ሹመት ነው። ፎጣዬን ሳላነጥፍ ዳርቻው ሁሉ ሰምቷል። ሰዉ እየመጣ አማቴን ይስማል፣ ስለ ሙቀቱ ያወራል፣ ይሄዳል።

"ቫልዴማርስ?" አሉ አማቴ። "ጥላ ይይዛል አላልሽኝም?"

ባሌ በየዓመቱ፣ እዚህ እንደደረስን ሱሪውን አጥፎ ወደዚያ ወደ ትልቁ አለት ይሄድ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ከአለቱ ጀርባ የሚበላ ዛጎል ይለቅማል፣ በባርኔጣው ሞልቶ ያመጣል፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፍም ላይ እንጠብሰዋለን። እናም ውሸቱ ራሱ ነው አፌ ላይ የመጣው።

"ዛጎል ሊለቅም ከአለቱ ጀርባ ሄዷል።"

"እንግዲያው እጠብቀዋለሁ። ውሃ የሚያስገባኝ እሱ ነው።"

"እኔ ልያዝዎት እንጂ።"

"አንቺ?" ሳቁብኝ። "አንቺ ሰሃን እንኳ ይዘሽ ጸንተሽ አታውቂም፣ እኔን ትይዣለሽ?"

አማቴ በሉ፣ ጠጡ፣ ከሴቬሪኖ፣ ከግራሲንዳ ባል ማለት ነው፣ ከአረቄው ትንሽ ቀመሱ፤ ድሮ በበቅሎ ሲወርዱ አንዲት አክስታቸው ከነቅርጫቷ ባሕር የገባችውን ታሪክ አወሩ። ሰዉ ሳቀ። ለቫልዴማር የዶሮውን ጭን በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡለት። እኔ ጥቅሉን አይቼ ዝንብ እንዳይገባበት ሸፈንኩት። ቀኑ እንዲህ እንዳለ ቢመሽ ጥሩ ነበር።

ከቀትር በኋላ ግን ውሃው መመለስ ጀመረ። እኔ ልብ አላልኩትም፤ አማቴ አሉ። ጥላ ሥር እንደተቀመጡ ወደ ትልቁ አለት አይተው አይተው ተነሱና ጠሩኝ።

"ቤላ! ውሃው እየሞላ ነው።"

"ይሙላ፣ እማማ።"

"ምን ማለትሽ ነው ይሙላ? ልጄ ከአለቱ ጀርባ ነው! መንገዱ ከተዘጋ በየት ይመጣል?"

"ይመጣል። ቅልጥፍናውን ያውቁት የለ።"

"እንዴት ይመጣል ነው የምልሽ!" ሻሻቸውን ከራሳቸው አውልቀው ማውለብለብ ያዙ። "ሰዎች! ልጄ! ቫልዴማር ከአለቱ ጀርባ ቀርቷል! ድረሱለት!"

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። መንደሩ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ አሸዋ አሸዋውን ያያል። ዝም በሉ ብዬ ያስጠነቀቅኋቸው እኔው ነኝ። ከጀርመኖቹ መሃል አሸዋው ላይ የነበረ አንድ ልጅ ብቻ ጩኸቱን ሰምቶ ሰሌዳውን አንስቶ ወደ ውሃው ሊሮጥ ሲል ሴቬሪኖ ክንዱን ያዘው፣ በጆሮው አንድ ነገር አለው፣ ልጁም ሰሌዳውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

"ምን ዓይነት አረመኔ ናችሁ?" አሉ አማቴ እየዞሩ፣ ፊት ፊታችንን እያዩ። "አብራችሁት አደጋችሁ! ሲሞት ቁጭ ብላችሁ ልታዩት ነው?" ከዚያ ወደ እኔ መጡ። "አንቺስ? ባልሽ አይደለም?"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በየጠዋቱ እንደምን አደሩ እንደማለት የምናገረው ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣም። እሳቸው በጥላቻ አዩኝና ትተውኝ ከነቀሚሳቸው ወደ ባሕሩ ሄዱ። በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ ይራመዳሉ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ስደርስባቸው ውሃው ወገባቸው ጋ ደርሷል።

"እማማ፣ ይመለሱ!"

"ቫልዴማር!" ይላሉ ወደ አለቱ። "ቫልዴማር!"

የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ። ማዕበሉ ሁለታችንንም ከላይ ሸፈነን። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል፣ ጆሮዬ ደነቆረ፣ እግሬ መሬት አጣ፤ እጃቸውን ግን አልለቀቅኩም። ውሃው ሲመለስ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነበር፤ እሳቸው ጨው እየተፉ፣ ሽበታቸው ተበታትኖ ከፊቴ ቆመዋል።

 አለቱን አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ሰውነቴ ላይ የተጣበቀውን ጥቁር ቀሚስ አዩ፣ በሁለት ጣታቸው ጨርቁን ቆንጠጥ አድርገው ያዙት። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲመለስ አየሁ። እጄን ያዙኝና ከውሃው ያወጡኝ እሳቸው ናቸው።

ጥላው ሥር ስንደርስ "ተቀመጪ" አሉኝ።

"እርስዎ ይቀመጡ፣ እየተንቀጠቀጡ እኮ ነው።"

"ተቀመጪ አልኩሽ!"

ሙሽራ ሆኜ ቤታቸው የገባሁ ጊዜ የሚያዙኝ በዚህ ድምፅ ነበር። ተቀመጥኩ። ሰማያዊውን ፎጣ አንስተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና ወደ ግራሲንዳ ዞሩ።

"ስኳር ውሃ አምጪልኝ።"

"እማማዬ፣ እዚህ ስኳር ከየት—"

"ከዚህ ሁሉ ጉድ መሃል አንድ የሚጣፍጥ ነገር የለም?"

ግራሲንዳ ምላሷ ተሳስሮ የብርቱካን ለስላሳ ከፍታ አቀበለቻቸው። አማቴ ከፊቴ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ፣ ጠርሙሱን እጄ ላይ አደረጉ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። ልቤ መምታት ጀመረ። እንደዚያ ሲመታ ከሰማሁት ቆይቷል።

"ቤላ፣ ልጄ" አሉኝ። "ከአለቱ ጀርባ አትጠብቂው። ቫልዴማር ሞቷል።"



"ማንም አልነገረሽም እንዴ?" አሉ፣ ጉንጬን በእርጥብ እጃቸው ይዘው።

"ማንም አልነገረኝም" አልኩ። እውነቴን ነው።

"አይ የኔ ልጅ።"

"መቼ?" ስል ራሴን ሰማሁት።

"የካቲት ላይ። እንጨት ሲፈልጥ።"

"ተሰቃየ?"

"አልተሰቃየም" አሉ። "አንድ ጊዜ ነው።"

ጠርሙሱ ከእጄ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የጮህኩትን እኔ አላስታውሰውም፣ ግራሲንዳ ናት የነገረችኝ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆሙት ሁሉ ሰምተውኛል አሉ። እኔ የማስታውሰው ሰማያዊውን ፎጣ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ፣ ሽታው ገና የእሱ እንደነበረ ነው። አንጀቴ ተቆረጠ፣ ሁሉ ነገር አመመኝ፣ ጥፍሬ ሳይቀር። አማቴ አላለቀሱም። ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከፀጉሬ ውስጥ አሸዋውን እየለቀሙ እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ።

ፀሐይዋ ወደ ውሃው ስታዘቀዝቅ ጎንበስ አሉብኝ።

"ነገ እረሳዋለሁ፣ አይደል?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አዎ፣ እማማ።"

"ከረሳሁት ንገሪኝ። ብቻሽን አትያዥው።"

"እሺ" አልኳቸው።