ሦስተኛው ምት

ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናቴም፣ ለነፍስ አባቴም፣ ንስሐ ስገባ እንኳ ሌላ ሌላውን እደረድርና እሱን እዘለዋለሁ፣ ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቀውማ፣ አሁን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ እኔ ከማይክሮስኮፑ ፊት ብቻዬን ነኝ፣ ግድግዳውም ያው ነው፣ ስስ ችፑድ፣ ከወዲያ የበሽተኛ አልጋ፣ ከወዲህ የኔ ወንበር፣ ጠብታውን እቆጥራለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ጆሮዬን እይዛለሁ።

ዓይን አፋር ነኝ። የላቦራቶሪ ትምህርቱም አልፈወሰኝ። በቀበሌ ስብሰባ መፈክር ሲባል ግራ እጄን አነሳለሁ፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ከጎንደር ወደ ጤና ጣቢያችን በየሳምንቱ የሚመጣው ዶክተር ያየህ ይስቅብኛል፣ ጓድ ደብረወርቅ፣ አንቺ እኮ እሳት ቢነሳ በጽሑፍ ነው የምታመለክቺ። ውጤቱን ግድግዳ በመምታት መንገርንም ያመጣው እሱ ነው። ከሳንባ በቀጭን መርፌ የተቀዳውን ጠብታ ረዳቱ ድሬሰር አንለይ በበሩ ያቀብለኛል፣ መስታወት ላይ አስስቼ እቀባለሁ፣ ሰማያዊ ቀለም፣ ወዲያው አያለሁ፣ በሽተኛው ገና አልተነሳም፣ ባዶ ደም ቀድተን እንዳንሸኘው ነው። አንድ ከመታሁ አልበቃም፣ ይደገም። ሁለት ከመታሁ በቅቷል፣ ክፉ አይታይም። ሦስት ከመታሁ በቅቷል፣ ክፉው አለ። በሽተኛው እንዳይገባው፣ አለ ዶክተሩ። እንዳይገባው! የዚያን ቀኑን በሽተኛ፣ መሪጌታ አዛናውን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበሮ ሲመቱና ሲያስመቱ የኖሩትን።

ሰኔ ነው፣ የርብ ወንዝ ገና አልሞላም። የሳቸው ደብር ሚካኤል ከፎገራ ሜዳ መሀል ጉብታ ላይ ነው፣ ውሃው ሲተኛበት ደሴት ይሆናል፣ እስኪጎድል ሰውም ሬሳም አይሻገር። ሁለት ከሆነ የሚድን ሕመም ነው፣ ዛሬውኑ በመኪናዬ ጎንደር እወስዳቸዋለሁ፣ ክረምቱን ተኝተው ይታከማሉ፣ ብሎኛል ዶክተሩ፣ ሦስት ከሆነ ግን እኛ ዘንድ መድኃኒት የለም፣ ቤታቸው ይግቡ። ከወዲያ የመሪጌታ ድምፅ ይሰማል፣ አደራ ልጄ፣ መሞቱንስ እሞታለሁ፣ ጎንደር ላይ ግን እንዳታስቀሩኝ፣ ሚካኤል ደጅ ነው የማርፍ።

የመጀመሪያው ጠብታ ደም ብቻ። አንድ መታሁ። ያማል መሰል፣ ሲያቃስቱ ሰማሁ።

ሁለተኛው። ዓይኔን ሌንሱ ላይ፣ ኧረ እመቤቴ፣ ከሕዋሶቹ ተራ የያዘ የለም፣ ተደራርበዋል፣ ተረጋግጠዋል፣ ጎርፍ ከቧቸው ጉብታ ላይ እንደሚተፋፈጉ ከብቶች፣ ትልልቅ፣ ጥቋቁር፣ አንዱ አንዱን አይመስልም፣ መስታወቱን ገፋ ሳደርግ እዚያም አሉ፣ እዚያም። መታሁ። አንድ። ሁለት። እጄ ቆመ። ሚስታቸው እትዬ እናኑ ከውጭ በመስኮቱ ታየኛለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እሷ እያየችኝ እንዴት፣ ይቅር፣ ሁለት ይሁን፣ ሁለት ተስፋ ነው፣ ውሸት እንደሆነ እያወቅሁ እጄን ጭኔ ላይ መለስኩት፣ እጄ ጭኔ ላይ ነው፣ አየዋለሁ።

ተመታ።

ሦስተኛው። ከችፑዱ፣ ከጉልበቴ ትይዩ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ቀለም ተንቀጠቀጠ። ሦስት፣ አለ ዶክተሩ ከወዲያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ሌንሱን ብዙ አየ፣ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፣ ዓይንሽ ልክ ነው። አንለይን በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

አንለይ፣ የኔታ እጃቸውን አንቀሳቅሰው ነበር? በምናቸው፣ ሁለቱንም እኔ ጨምድጄ ይዤ፣ ዶክተሩ መርፌው ላይ፣ ምነው፣ አይጥ ሰማሽ እንዴ? ሳቀ። አይጥ። አይጥ ይሆናል። አይጥ ቆጥራ ትመታለች?

ሐምሌ ሳይገባ ሚካኤል ደጅ ቀበሯቸው፣ ከዛፍ ሥር፣ ውሃው ከመምጣቱ በፊት፣ እሱስ ደህና ሆነ፣ እኔ ያቺን የምርመራውን ማግስት ጠዋት ነው የማልረሳት፣ በቅሏቸው ተጭና በር ላይ ቆማለች፣ መሪጌታ አልወጣም ብለው ግንቡ ላይ ተቀምጠዋል፣ ግድግዳ የምትመታዋን ጥሩልኝ ብለው። እንዴት አደሩ የኔታ። እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ቅረቢ፣ አትፈሪ። አንድ ስትመቺ መርፌው ተመለሰብኝ፣ ገባኝ። ቀጥሎ የመጡት ሁለቱ የአንድ እጅ ናቸው። ሦስተኛው ግን ዘገየ፣ ምቱም ከበድ አለ፣ የኔ መስሎኝ እጄን አየሁት፣ ይኸ አንለይ ይዞታል። እንግዲህ ንገሪኝ፣ ሦስተኛው ያንቺ ነው? ያንቺ ከሆነ አምኜ ቤቴ እገባለሁ። ካልሆነ ጎንደር እሄዳለሁ፣ በማላውቀው እጅ አይፈረድብኝም።

እትዬ እናኑ ክንዴን ያዘችኝ፣ አይደለም በያቸው እህቴ፣ ጎንደር ሐኪሙ ብዙ ነው፣ በሞቴ። ጣቶቿ ይቀዘቅዛሉ። ከብቶቹ ዓይኔ ላይ አሉ፣ ጉብታው ላይ፣ ውሃው ዙሪያውን።

የኔ ነው፣ አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት፣ በቅሎዋ ጆሮዋን አቆመች፣ አንለይ ከበሩ ዞሮ አየኝ፣ ሦስቱም የኔ ናቸው የኔታ። ዓይኔን ብዙ አዩት። ያመኑኝ አይመስለኝም። እግዜር ይስጥልኝ አሉና ለበቅሎዋ እጃቸውን ዘረጉ፣ እትዬ እናኑ ፊቷን አዞረችብኝ፣ በጭቃው መንገድ ወደ ሜዳው ወረዱ።

ክፍሌ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ከወዲያ አልጋው ባዶ ነው፣ እጄን ጨብጬ ችፑዱን አንድ ጊዜ መታሁ፣ የቀረብኝን ሦስተኛ፣ የራሴን፣ ከዚያ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።