ካሰች ለሰው ያወራችው

«ይኼን ፍሪጅ የገዛችላት እሷ ናት» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብላ። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። «ሥራ በያዘች በዓመቷ! ልጅ ከወለዱ አይቀር እንዲህ ያለችውን ነው።»

ሩሀማ ፍራሹ ላይ ግድግዳ ተደግፋ እንደተቀመጠች ሰማቻት። እናቷ ካሰች ፍሪጁን የገዛችው በእቁብ ነበር፤ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሳይሸጥ የተመለሰ ዓሣ እንዳይበላሽባት። ሩሀማ ለዚህ ፍሪጅ ያደረገችው ነገር ቢኖር፣ ለእረፍት መጥታ ሳለ ከጋሪ ሲወርድ በአንድ ጎኑ መደገፍ ብቻ ነው።

ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር፣ ከደጃፋቸው መንገዱ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ወንዶቹ በእድሩ አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። መዘምራኑ ዘምረው ሄደዋል። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሽማግሌ ሲጸልዩ «እህታችን ካሰች የድካሟን ፍሬ በልታ ነው የሄደችው» አሉ። ሁሉም አሜን አለ። ሩሀማም አሜን አለች፤ ያለው ግን አፏ ብቻ ነበር። ፍሬዋ እኔ መሆኔ ነው፣ አለች በሆዷ።

ካሰች ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበለተች ነው ልጇን ያሳደገችውም ያስተማረችውም። ሩሀማ በነርስነት ተመርቃ፣ ራቅ ባለ የወረዳ ከተማ ሆስፒታል የተቀጠረች ጊዜ፣ የመጀመሪያ ደሞዟን ሳትቆነጥር አምጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ወጉ እንደዚያ ነው፤ የመጀመሪያ ደሞዝ ለወላጅ ይሰጣል፣ ወላጅ ይመርቃል። ካሰች እያለቀሰች መረቀቻት። እሑድ ደግሞ ገንዘቡን እንዳለ «በኩራት ነው፣ የፍሬ መጀመሪያ» ብላ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች፤ በዚያም አላበቃችም፣ ጉባኤው ፊት ቆማ መሰከረች። «ጌታ ይመስገን፣ ከእንግዲህ እኔ ተጧሪ ነኝ!» ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

ያ ምስክርነት ነው ጉድ ያደረጋት። ሰው በጉባኤ ፊት የመሰከረውን እንዴት አድርጎ ይመልሳል?

የሩሀማ ደሞዝ ግማሹ ለአንዲት ክፍል ቤት ኪራይ ይሄዳል። የተረፈው ከሰል ነው፣ ዘይት ነው፣ ሳሙና ነው፤ ጤፍንማ ስሙንም አታነሳው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ «በጀት ሲለቀቅ» ይባላል፤ በጀቱ የት ታስሮ እንደከረመ የሚያውቅ የለም። ደሞዝ ሊጨመር ነው ተብሎ በቴሌቪዥን ሲነገር አከራይዋም ሰምታ ኖሮ፣ ጭማሪው ሩሀማ እጅ ሳይገባ ኪራዩን ከፍ አደረገችው። ወሩ ሳይጋመስ ሩሀማ ወደ ሐዋሳ ትደውላለች። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። ካሰች ከድምፅዋ ታውቃለች። በማግስቱ ከመናኸሪያ በሚኒባስ አንድ ማዳበሪያ ይላካል፤ ቆጮ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የደረቀ ዓሣ።

ጎረቤት «ሸክሙ ወዴት ነው?» ሲላት፣ ካሰች መልስ አታጣም። «ሩሀማዬ እኮ ደግ ናት፤ እዚያ ያሉ ምስኪኖችን ትመግባለች። እኔም ላግዛት ብዬ ነው።»

ምስኪኗ ራሷ ሩሀማ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ገበያነሽ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። የአጥር ጎረቤታቸው ናት፤ ጉልት ላይ አትክልት ትሸጣለች። ያለቻት አንድ ልጅ ኢያኤል ዘንድሮ ተፈትና ዩኒቨርሲቲ አልገባችም።

«ሩሀማዬ፣ በሐዘንሽ ላይ መጠየቄ ነውር ነው» አለች። «ግን ጊዜ የለኝም።»

«ምንም አይደል እትዬ፣ ይንገሩኝ።»

«ቱላ ያለችውን የእንሰት ቦታዬን ልሸጣት ነው። ነገ ቀብድ እቀበላለሁ። ኢያኤልን የግል ኮሌጅ፣ ነርስነት ላስገባት።» ፊቷ በራ። «እናትሽ ናት የመከረችኝ። ‹እኔን እዪኝ፣ ሸጠሽም ቢሆን አስተምሪያት፣ ኋላ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ› አለችኝ። የትኛው ኮሌጅ ይሻላል? አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሩሀማ ብትናገር እናቷን በገዛ ለቅሶዋ ላይ ውሸታም ማድረግ ነው፤ ዝም ብትል የገበያነሽ መሬት ነገ ይሸጣል። ሌላ መሬት ደግሞ የላትም።

ሆስፒታሉ ውስጥ የሆነው ነገር መጣባት። ካሰች ዓሣ እየበለተች ሳለ ነው የወደቀችው፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ሐኪሙ ሩሀማን «የግፊት መድኃኒቷን ያቆመችው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሩሀማ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ግፊት ስትለካ የምትውለው ነርስ፣ አላወቀችም። «እየዋጥሽ ነው?» ባለቻት ቁጥር እናቷ «እንዴታ!» ትላት ነበር። መልሱን ያገኘችው ከፅጌ ነው፤ ፅጌ ከካሰች ጎን ዓሣ ስትሸጥ የኖረች ባልንጀራዋ ናት። ኮሪደሩ ላይ አቅፋት እያለቀሰች «ኪኒኑ ተወደደ ልጄ» አለቻት። «ወይ ኪኒኑ ነው፣ ወይ ማዳበሪያው።»

«አይሽጡት» አለች ሩሀማ።

«ምን አልሽ?»

«መሬቱን አይሽጡት፣ እትዬ። እናቴ ከእኔ እጅ በልታ አታውቅም። እኔ ነኝ ከእሷ እጅ ስበላ የኖርኩት። ማዳበሪያው ለምስኪኖች አልነበረም፣ ለእኔ ነው። ፍሪጁም የእቁቧ ነው።» ድምፅዋ ከፍ እያለ እንደሄደ አልታወቃትም። «መድኃኒቷንም የተወችው ለእኔ ስትልክ ነው።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ገበያነሽ ተነሳች።

«አፈሩ ሳይደርቅላት እናትሽን ውሸታም ታደርጊያታለሽ?» አለች። «ነው ወይስ የኔዋ እንዳትደርስብሽ ነው? አንቺ ነጭ ለብሰሽ፣ የኔ ልጅ ጎመን ትሽጥ?»

«እትዬ፣ እኔ...»

«ፅጌ!» ገበያነሽ ፅጌ ወደተቀመጠችበት ጥግ ዞረች። «አብረሻት የምትውይ አንቺ ነሽ። ተናገሪ እንጂ!»

ፅጌ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ካሰች አደራ ብላኛለች» አለች ቀስ ብላ። «ለማንም አትናገሪ ብላኛለች።»

ከዚህ በላይ ማንም አልጠየቃትም። ገበያነሽ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። ቅድም ፍሪጁን ስታደንቅ የነበረችው ሴት አሁን ሩሀማን ከእግር እስከ ራሷ ታያት ጀመር። «ታዲያ መማሩ ምኑ ላይ ነው?» አለች ሌላዋ። ሩሀማ አፈረች። ከማፈርም አልፋ እናቷን ተቆጣቻት። የሞተ ሰው ላይ መቆጣት ይቻላል ወይ? እንዴታ! ማን ንገሪልኝ አለሽ፣ ማን ተርበሽ አብዪኝ አለሽ፣ ስትል ዋለች በሆዷ፤ ተርባ ደውላ እንደነበር ደግሞ ራሷ ታውቃለች።

በማግስቱ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያፈርሱ መጡ። የሩሀማም የሐዘን ፈቃድ አልቆ ስለነበር ልብሷን በሻንጣ እያስገባች ነበር። ገበያነሽ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ገባች። ሰላም አላለችም።

«ሰውየው መጥቶ ነበር» አለች። «ቀብዱን አልተቀበልኩትም።»

ሩሀማ ቀና አለች።

«ኢያኤል ስታለቅስ አደረች። ‹ሩሀማ ቀንታብኝ ነው› ትላለች። ዓይኗን ማየት አልፈልግም ብላሻለች።»

«ይቅርታ እትዬ።»

«ልጅ ናት፣ ተያት። እኔም ትናንት ጠልቼሽ ነበር።» አለች። «ዛሬም ትንሽ አለብኝ።»

ሳህኑን ገለጠችው፤ ቆጮና ጎመን ነው። «ብዪ። መንገደኛ ነሽ።»

«አልራበኝም።»

«መቼ በልተሽ?»

ሩሀማ ሻንጣዋን መዝጋት ጀመረች። ገበያነሽ እጇን ታጠበች፤ ቆጮውን ቆርሳ በጎመን ጠቀለለችና ክንዷን ይዛ ወደ ራሷ አዞረቻት።

«እንግዲህ አንቺን ማን ያበላሻል?» አለቻት፤ ቁጣ ነበር የጀመረችው፣ ጉርሻውን ግን ወደ አፏ አስጠጋችላት።

ሩሀማ ልትመልስ ፈለገች። ደሞዝ አለኝ ልትል ነበር፤ አፍራ ተወችው። ዓይኗን ጨፈነችና አፏን ከፈተች።